በቀትር የሚሰፋው ቤት

ሥራዬን ያስረከብኩት ናሆም ለሚባል ወጣት ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ስልኩ ላይ የማይጨርሰው ጉዳይ የለም። ድርጅታችን ደጋፊ የሌላቸውን ወጣቶች በየሱቁና በየጋራዡ አስገብቶ ሙያ የሚያስተምር ትንሽ የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው። የድሬዳዋ ነጋዴ ሲረዳን በገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ ቦታ ይሰጠናል። ጋራዥ ያለው አንድ ልጅ ይቀበላል፣ ልብስ ሰፊው አንድ የስፌት መኪና ይለቅቃል። የእኔ ሥራ ቦታውን አይቶ፣ ልጁን አይቶ፣ ሁለቱን ማገናኘት ነበር።

ለናሆም የሰጠሁት የመጀመሪያ ምክር «ልጅ ከማስገባትህ በፊት ሱቁ ውስጥ አንድ ሙሉ ቀን ተቀመጥ፤ በተለይ በቀትር» የሚል ነበር።

«በቀትርማ ዝግ ነው እኮ፣ እትዬ ዘነበች» አለኝ እየሳቀ።

«ለዚያ ነው የምልህ።»

ፎርም አለን አለኝ። ባለሱቁ በስልኩ ይሞላዋል፤ ስለ ውሃው፣ ስለ መጸዳጃ ቤቱ፣ ስለ አየሩ ሁሉ ጥያቄ አለበት። ኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢ ያሉት ትልልቆቹ ድርጅቶች ደግሞ ባነር ሰቅለው፣ ፎቶ ተነሥተው ዐሥር ልጅ በአንድ ቀን ይቀበላሉ። በርጩማ ይዞ ሊቀመጥባቸው የሚመጣ ሰው አይፈልጉም። አልተከራከርኩትም። ለምን እንደዚያ እንዳልኩት ግን አልነገርኩትም፤ እስከዚያ ቀን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር።

ድሬን የሚያውቅ ቀትሯን ያውቃል። ስድስት ሰዓት ሲሆን የሱቁ መዝጊያ ሁሉ ይዘጋል። ሽርጥ የሚያገለድመው ያገለድማል፣ በርጫ የሚቀመጠው ጫቱን ይዞ ይገባል፣ የሚተኛው ይተኛል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከተማዋ ባለቤት የሌላት ትመስላለች፤ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ደግሞ ይብሳል፤ በዚያ ሁሉ ዛፍ ሥር የራስህን ኮቴ ብቻ ትሰማለህ። እናቴ በዚያ ሰዓት ከቤት አታስወጣንም ነበር። የቀትር ጋኔን ይመታችኋል ትለናለች። ሶማሌ ጎረቤቶቻችንም፣ ኦሮሞዎቹም በየቋንቋቸው ያንኑ ይሉ ነበር፤ በሌላ ነገር ሲነታረኩ የሚውሉ እናቶች በዚህ ተስማምተው ኖሩ። ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ በዚህ ነገር እስቅ ነበር። ከላይ ከላይ ነው እንጂ ፍርሃቱ ከውስጤ ወጥቶ አያውቅም።

ሥራውን ያስተማረኝ ጋሽ ሙሉጌታ ነው። በድሬ አንቱ ብዙ አይሰማምና አንተ እያልኩ ባወራ ንቄው አይደለም፤ ከአባቴ ቀጥሎ የማከብረው ሰው ነው። ባቡር ላይ ቲኬት ተቆጣጣሪ ነበር፤ ባቡሩ ሲዳከም ወደ እኛ መጣ። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ንግግሩ መሀል አንድ ሁለት የፈረንሳይኛ ቃል ጣል የሚያደርግ ረጅም ሰው። አንድ ነጋዴ «ልጅ እቀበላለሁ» ሲለው ደስታውን አያሳይም። «ሰኞ መጥቼ እቀመጣለሁ» ይላል። ሰኞ የምትታጠፍ በርጩማውን በብብቱ ሸጉጦ፣ ዳቦና ሙዙን በፌስታል አንጠልጥሎ ገና ሱቁ ሲከፈት ይደርሳል። ለስላሳ ቢጋብዙት እዚያው ላለው ትንሽ ሠራተኛ ካልተሰጠ አይቀምስም። አይጠይቅም፣ ያያል። የመጠጥ ውሃው የት እንደተቀመጠ፣ የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ ማን ኪስ ውስጥ እንዳለ፣ ባለሱቁ ሠራተኛውን በስሙ ይጠራው እንደሆነ። ደንበኛ ሲወጣ ዓይኑን ይጨፍናል፤ የባለቤቱ ድምፅ ይለወጥ እንደሆነ ለመስማት ነው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ደግሞ አይነሳም።

አብሬው ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀመጥኩት መጋላ ገበያ፣ አዴር ዑመር ሱቅ ውስጥ ነው። አጎት ለማለት አዴር የምንለው ዑመር ክርና የልብስ ቁልፍ በጅምላ የሚሸጥ ሶማሌ ነጋዴ ነው፤ ጨዋታ ይወዳል። በር ላይ ቆሞ ቁልፉን እያቅጨለጨለ፣

«ወሪያ ሙሉጌታ፣ ልዘጋ ነው» አለው።

«ዝጋው። እኔ እዚሁ ነኝ።»

«ከውስጥ?»

«ከውስጥ።»

«አቦ! ይሄ ሰውዬ ጤናም የለው እንዴ! አንቺስ ልጅት?»

አፍሬ ወደ ክሩ መደርደሪያ ዞርኩ። ዘጋብን። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቀስ እያለ ግን የላሜራው በር ሙቀቱን እየጠጣ ጧ፣ ጧ ማለት ጀመረ፤ አየሩ ከበደ፤ የክሩ ጥቅልሎች ቀለማቸው ከጨለማው ጋር ተዋሐደ። ጋሽ ሙሉጌታ መዳፉን ግድግዳው ላይ አድርጎ ቆየና «አሁን ልጁ እዚህ ነው ብለሽ አስቢ» አለኝ። «ጠዋትና ማታ ሁሉም ሰው ደግ ነው። ልጁ በቀትር የት ነው? ለዚህ መልስ ሳይኖርሽ ልጅ እንዳታስገቢ።»

አንድ ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተከፈተ። አዴር ዑመር ሽርጡን እንዳገለደመ ቀዝቃዛ ውሃ ይዞ መጣ። «ወላሂ እንቅልፍ እንቢ አለኝ! ሁለት ክርስቲያን ቆልፎ ገደለ ቢሉኝ ማን ያምነኛል?» በዚያው ሳምንት ጓሮው ውስጥ ዳስ አስጣለ፤ የሚማሩት ልጆች ቀትሩን እዚያ ያርፋሉ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሱቅ ተቀመጥን። ጋሽ ሙሉጌታ ኩላሊቱን ታምሞ ሥራ ሲያቆም ብቻዬን ቀረሁ። ደሞዜ ትንሽ ከፍ አለ፣ የምሞላው ወረቀት ብዙ ከፍ አለ። በዚያው ሰሞን ነው ወይዘሮ አስናቀች የመጣችው።

ወይዘሮ አስናቀች ከዚራ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ ሴት ነበረች። ቤቱ የባቡር ዘመን ቪላ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። የፊቱን ክፍል የላሜራ በር አስገጥማ ሱቅ አድርጋዋለች። እጇ የተፈታ ነበር፤ የልጆቻችንን ዩኒፎርም በየዓመቱ በነፃ ትሰፋ ነበር። አሁን ደግሞ አንዲት ልጅ ተቀብላ ላስተምር አለች። ሥራ አስኪያጃችን ሰምቶ «ለሷም በርጩማ ይዘሽ ልትሄጂ ነው? ኧረ አታሳፍሪን!» አለኝ።

ሄድኩ። ጠዋቱን ሙሉ ተቀመጥኩ፤ ሁሉም ነገር ንጹሕ፣ ሁሉም ነገር ጨዋ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ወይዘሮ አስናቀች ክንዴን ያዘችኝ። «ነይ ቤቴ፣ ምሳ ቀርቧል። እዚህ ቆልፌብሽ ልሂድ እንዴ? ኃጢአት አይሆንብኝም?» እንቢ ማለት ነውር መሰለኝ። በላሁ፤ ማራገቢያ ሥር ፍራሽ ዘረጋችልኝ፤ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ተኛሁ። በማስታወሻዬ ላይ «ሙሉ ቀን ተቀምጬ አይቻለሁ» ብዬ ጻፍኩ።

ያስገባኋት ልጅ ሐያት ትባላለች። ከሐርላ በኩል የመጣች፣ እናትም አባትም የሌላት፣ ዐሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት። አዳዳ ትለኛለች፤ በኦሮምኛ አክስቴ ማለት ነው። እጇ ተአምር ነበር። ጨርቁን ያለ ጠመኔ በዓይኗ ለክታ ትቆርጠዋለች፤ ክር መርፌ ውስጥ ስታስገባ አታይም። የድርጅታችን የልጆች ማደሪያ ከሳቢያን ሰፈር ማዶ ስለነበር ለቀትር ደርሳ መመለስ አትችልም። ወይዘሮ አስናቀችን ስጠይቃት «ከኔው ጋር ናት» አለችኝ። ሐያትን ስጠይቃት «ደህና ነው፣ አዳዳ» አለችኝ። ሁለቱንም አመንኩ። ማመን ደስ ይለኝ ነበር።

በግንቦት ሙቀት ነው። ከአንድ ጉዳይ ስመለስ ባጃጅ አጥቼ በሰባት ሰዓት በከዚራ በእግሬ አለፍኩ። መንገዱ ላይ ሰው የለም፤ ውሻ እንኳ የለም። ወይዘሮ አስናቀች ሱቅ ጋ ስደርስ የስፌት መኪና ድምፅ ሰማሁ። ቆም ይላል፣ ይቀጥላል፤ ረጅም መስመር ሰፍቶ እንደገና ቆም ይላል። በሩ ዝግ ነው። ከውጭ የቡጢ ያህል ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። ከውጭ የተቆለፈ ቤት ውስጥ ማን ይሰፋል ብዬ ዙሪያዬን አየሁ።

ከመንገዱ ማዶ ኒም ዛፍ ሥር ጋደም ያለ ሽማግሌ ዘበኛ ነበር።

«አባባ፣ ይሰማሃል?» አልኩት።

«ምኑ? መኪናው?» ዓይኑን እንኳ አልገለጠም። «ሁልጊዜ ነው። የድሮዋ ናት ይላሉ፤ የባቡሩ ሹም ሚስት። ልብስ ትሰፋ ነበር አሉ። ሂጂ አንቺ፣ በዚህ ሰዓት እዚህ አይቆምም።»

ሄድኩ። ሌላ ቀን ሳልፍም ያው ነበር። ለወይዘሮ አስናቀች ስነግራት ሳቀች፤ «እኔም ሰምቻለሁ፣ አሮጌ ቤት ነው» አለችኝ። ስትስቅ ጨርቅ ታጥፍ ነበር፤ ቀና ብላ አላየችኝም። ያን ጊዜ አላስተዋልኩም።

ሦስተኛው ቀን አንኳኳሁ። ለምን እንደደፈርኩ አላውቅም። ምናልባት ጋሽ ሙሉጌታ ትዝ ብሎኝ ይሆናል። በመዳፌ ሦስት ጊዜ ላሜራውን መታሁ፤ እንደ ምጣድ ያቃጥላል።

መኪናው መስመሩን ሳይጨርስ ቀጥ አለ።

ጆሮዬን አስጠጋሁ። ውስጥ ሹክሹክታ አለ። ቃሉ አይለይም፤ ፈጣን፣ ተመላላሽ፣ እስትንፋስ ብቻ የሆነ ሹክሹክታ። እኔም በስመ አብ ማለት ጀመርኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ሹክሹክታው ቆመ። ከዚያ አንድ ነገር ወለሉ ላይ እየተጎተተ ወደኔ መምጣት ጀመረ። ይጎተታል፣ ያርፋል፣ ይጎተታል። በሩ ጋ ደረሰ። በጉልበቴ ትይዩ ላሜራውን ከውስጥ በጥፍር ቧጨረው፤ ቀስ ብሎ፣ ከላይ ወደ ታች።

ሮጥኩ። የአርባ ዓመት ሴት ነጠላዬን ጥዬ ሮጥኩ። ዘበኛው ከኋላዬ ሲስቅ ይሰማኛል።

አመሻሽ ላይ ሥራ አስኪያጁ ደወለ። ሐያት ሆስፒታል ናት አለኝ። ወይዘሮ አስናቀች ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሱቁን ስትከፍት በሩ ሥር ተዘርራ አገኘቻት፤ ሙቀት መትቷት ራሷን ስታለች።

ያን ሰዓት ነው የገባኝ። ማንም አላስረዳኝም።

ሦስት ቀን ራሷን ሳታውቅ ቆየች። ስትነቃ ቀኝ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሐኪሙ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል አለ። አልተመለሰም። ክር መርፌ ውስጥ ሳታይ ታስገባ የነበረች ልጅ ማንኪያ አፏ ማድረስ አቃታት። ምን ሆነሽ ነው ሲሏት ጣሪያውን እያየች አንድ ነገር ብቻ ትላለች፤ «በቀትር መጣ። አንኳኳ። ከዚያ እጄን ወሰደው።» ጠያቂው ሁሉ አመናት። አልጋው አጠገብ ያሉት ክርስቲያኖቹም እስላሞቹም ራሳቸውን እየነቀነቁ አመኗት። ሥራ አስኪያጁም ቀለለው። ወይዘሮ አስናቀች ከልቧ ነው ያለቀሰችው። «ቤት የላት፣ መንገድ ላይ ጎረምሳ ከሚለክፋት ብዬ ነው የቆለፍኩት። ምሳዋን ትቼላት ነው የምሄደው። ሥሪ አላልኳትም። በቀትር የሚያንኳኳ ሰው አይደለም፣ እንዳትመልሺ ብቻ ነው ያልኳት» አለች። ከሷ ጋር ያለንን ነገር አቆምን። እስከ ዛሬ ክፉ ሴት ነበረች ለማለት አፌ አይደፍርም።

እኔስ? እኔ ሾርባ እያመላለስኩ፣ ውሃ እያጠጣኋት ዝም አልኩ። ልጅቷ ጋኔን ነው ካለች ጋኔን ይሁን አልኩ። ከዚህ በላይ የማፍርበት ነገር በሕይወቴ የለም።

ጋሽ ሙሉጌታን ልጠይቀው ሄድኩ። አልጋ ላይ ነው፣ ፊቱ አባብጧል። ወሬውን ሰምቷል። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ።

«ስትቀመጪ ቀትሩን የት ነበርሽ?»

«እዚያው ነበርኩ» አልኩት።

ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ወሩ ሳያልቅ ሞተ፤ ውሸቴን ይዞ ሄደ።

ሐያትን የተቀበላት አዴር ዑመር ነው። «መርፌ ባትይዝ ክር ትሽጣ! አፏ አይንቀጠቀጥ» አለ። እውነትም ሻጭ ወጣት፤ በአራት ቋንቋ ትከራከራለች። ከዓመታት በኋላ በሱ ዋስትና ቀፊራ ገበያ ውስጥ የራሷን የክርና የዚፕ ሱቅ ከፈተች፤ እሷም በተራዋ ከድርጅታችን ልጆች መቀበል ጀመረች። እኔ በበኩሌ ከዚያ ወዲህ ቀትር ሳልቀመጥበት ያለፍኩት ሱቅ የለም። ነጋዴዎቹ የቀትር እብድ አሉኝ። በየጨለማው ክፍል ላሜራው ሲጮህ እያዳመጥኩ ስንት ቀን ተቀመጥኩ! ሥራዬ ነው እላለሁ እንጂ የሚያንኳኳ ሰው ነበር የምጠብቀው። አንድም ቀን የመጣ የለም።

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ሐያት ጋ ሄድኩ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፤ ልነግራት ነው። ሰዓቱንም ሳልመርጥ አልቀረሁም፤ ሰባት ሰዓት ነበር። ቀፊራ ጭር ብሏል። ከተደረደሩት ሱቆች ሁሉ የሷ ብቻ ክፍት ነው። ሐያት ሶላት ላይ ነበረች፤ እኛ ያስገባናቸው ሁለት ልጃገረዶች፣ ሰላምና ፋጡማ፣ ጥላው ሥር ቁጭ ብለው ቁልፍ በየቀለሙ ይለያሉ። ከወንበሩ ላይ ካርቶን አንሥተው አስቀመጡኝ።

«እናንተ ለምን አትዘጉም?» አልኳቸው፣ እንዲሁ ለወሬ።

«ሐያት አትዘጋም» አለች ፋጡማ። «የቀትሯ ሴትዮ አለቻ!»

«የቷ ሴትዮ?»

«አታውቂያትም እንዴ? አቦ፣ ድሬ አይደለሽም? የተዘጋ ሱቅ እየዞረች ታንኳኳለች። ሰው እንድትመስል መጀመሪያ ትጸልያለች። ሰው ናት ብለሽ በሩ ጋ ስትደርሺላት ትጠፋለች። በሩን የነካሽበት እጅሽ በቃ፣ እንደዚያው ይቀራል።»

«ማን አያት?»

«ሐያት ናታ። ፊቷን አላየችም፤ በበሩ ሥር እግሯን ብቻ ነው። ቡናማ ጫማ፣ በጎኑ ዘለበት ያለው።»

እግሬ ስለሚያመኝ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ዓይነት ጫማ ነው የማደርገው። ሲያልቅ ያንኑ እገዛለሁ። እግሬን ወንበሩ ሥር ሰበሰብኩ።

ሐያት ሻርፗን እያስተካከለች ወጣች። ሳመችኝ፣ አጠገቤ ተቀመጠች። ቀኝ እጇን እንደ ልማዷ በግራዋ ይዛዋለች። ልጆቹ እየሰሙ እንደሆነ አውቄ፣ ብጠብቅ እንደማልናገር ደግሞ ይበልጥ አውቄ፣

«ሐያት፣ ያን ቀን ያንኳኳሁት እኔ ነኝ» አልኳት።

አልደነገጠችም። የቁልፉን ሳጥን ወደ ራሷ ሳበች።

«አውቃለሁ» አለችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያን ቀን። ስታንኳኪ ፈርቼ በሹክሹክታ አዑዙ ቢላሂ እያልኩ እጸልይ ነበር። ከዚያ ስትጸልዪ ድምፅሽን ሰማሁ። አዳዳ ብዬ ልጠራሽ፣ አፌ ደርቋል። መቆምም አልቻልኩ። እየተጎተትኩ መጣሁ። በበሩ ሥር ጫማሽን አየሁ፣ በሩን ቧጨርኩልሽ። ሮጥሽ።»

«ታዲያ ለምን ጋኔን ነው አልሽ?»

«ምን ልበል? አዳዳ ናት ልበል?» ሳጥኑን መልሳ ገፋችው። «ሆስፒታል ውሃ የምታጠጪኝ አንቺ ነሽ። አንቺን ካባረሩሽ እኔ ማን አለኝ? ዛሬ ትነግረኛለች፣ ነገ ትነግረኛለች እያልኩ... አቦ፣ ስንት ዓመት ነው?»

ይቅር በይኝ ለማለት እንኳ ቃሉ አነሰብኝ። «ለልጆቹ እውነቱን ንገሪያቸው» አልኳት በመጨረሻ።

«እኔ የኔን ስንቴ ነገርኳቸው። የቀረውን አንቺ ንገሪያቸው።»

ወደ ሰላምና ፋጡማ ዞርኩ። ቁልፍ መለየቱን አቁመዋል። ፊቴን አያዩም፤ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ወንበሩ ሥር ጫማዬን ነበር የሚያዩት።